ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ምሳሌ

በዚያ ሐሙስ ጠዋት ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። የኮርሱ አስተማሪ መምህር ሙሉቀን ከጠረጴዛው ኋላ ቆሞ ሁለት የታተሙ ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግቷል። የኔትወርክ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ሳምሶን መስኮቱን ተደግፎ ስልኩን ይነካካል። ዮናስ የሚባለው ተማሪ ከፊተኛው ረድፍ ወንበር ስቦ ተቀምጧል፤ ከአምስታችን የተቀመጠ እሱ ብቻ ነበር። ጥሩወርቅ የምትባለው ተማሪ በሩ አጠገብ፣ ግድግዳውን ሳትነካ ቆማለች። እኔ የሰሌዳ ማጥፊያ ጨርቅ ይዤ ከነጩ ሰሌዳ ሥር ነበርኩ።

ተቀመጪ ያለኝ የለም፤ ውጪ ያለኝም የለም። ክፍሉን የምከፍተውና የምዘጋው እኔ ስለሆንኩ ከዕቃው ጋር ቆጥረውኛል።

ስሜ ይርገዱ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ በኋላ የጽሕፈት ሥራ ተምሬ፣ እዚሁ ደብረ ታቦር በአንድ መሥሪያ ቤት ዕድሜዬን ሙሉ ታይፕ ስመታ ኖርኩ። ጡረታ እንደወጣሁ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ዩኒቨርሲቲ በከተማው ዳር በከፈተው ቅርንጫፍ ውስጥ የኮምፒውተር ክፍል ተቆጣጣሪ አድርጎ በኮንትራት ቀጠረኝ። ሥራዬ በሩን መክፈት፣ ተማሪዎችን በመዝገብ ማስፈረም፣ አቧራ መጥረግና ማንም ምግብ ይዞ እንዳይገባ መከልከል ነበር። ተማሪዎቹ ፊት ለፊት «እትዬ ይርገዱ» ይሉኛል፤ ከኋላዬ «ታይፕራይተሯ»። ኮምፒውተሩንም እንደ ብረቱ የጽሕፈት መኪና ስለምቀጠቅጠው ነው። እሰማለሁ፤ አልመልስም።

የዚያን ዓመት ትምህርቱ ሁሉ በኢንተርኔት መማሪያ በኩል ይሁን ተባለ። መምህሩ ጽሑፉን እዚያ ይጭናል፣ ተማሪው እዚያው ያነባል፣ የቤት ሥራውን እዚያው ጽፎ እዚያው ያስረክባል። ለመግባት ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንዱ የመታወቂያ ቁጥር ነው፤ እሱ ከነስሙ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለሚለጠፍ ሁሉም የሁሉንም ያውቃል። ሁለተኛው ተማሪው ራሱ የሚፈጥረው ፓስወርድ ነው። ምስጢሩ እሱ ብቻ ነው።

አዲሶቹን ተማሪዎች ማስጀመር የአቶ ሳምሶን ሥራ ነበር። በመጀመሪያው ጠዋት መጣ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በአማርኛ ለግማሽ ሰዓት ተናገረ፣ አንድ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ከዚያ ወደ እኔ በአገጩ እያሳየ፣ «የቀረውን እሷ ታሳያችኋለች» ብሎ ወጣ።

ልጆቹ ዞረው አዩኝ። አብዛኞቹ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም።

«እትዬ፣ ይቺን እንዴት ነው የምይዛት?» አለኝ ከእስቴ የመጣ አንድ ልጅ፣ ማውሱን አንስቶ አየር ላይ እንደያዘ።

«አስቀምጣት። አትበርም።»

ከኋላ ረድፍ ዮናስ ሳቀ። ጥሩ ስልክ ያለው የከተማ ልጅ ነበር፤ የራሱንም ኮምፒውተር ይዞ ይመጣል። «ለእነዚህ መጀመሪያ መብራት ምን እንደሆነ ያስተምሯቸው» አለ።

«አንተ ካወቅህ አፍህን ዝጋ» አልኩት። እሱን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም እቆጣ ነበር። እኩለ ቀን ላይ መብራት ስለሚጠፋ ቸኩዬ ነበር።

ደረጃ በደረጃ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላቸው። ይህን ክፈቱ፣ ቁጥራችሁን አስገቡ፣ ይህን ተጫኑ። ፓስወርዱ ጋ ስንደርስ ነገሩ ተበላሸ። መማሪያው አንድ ትልቅ ፊደል፣ ትንንሽ ፊደሎች፣ ቁጥርና አንድ ምልክት ይፈልጋል። ብነግራቸው አልገባቸውም፤ ኮምፒውተሩ እየደጋገመ በቀይ ጽሑፍ ይመልሳቸዋል። «ለምሳሌ» ብዬ ጻፍኩ። የጉናን ስም በፈረንጅ ፊደል፣ የመጀመሪያውን በትልቁ፤ ቀጥሎ አንድ ሁለት ሦስት አራት፤ መጨረሻው ላይ ቃለ አጋኖ። በመስኮቱ ያየሁት ተራራ ነው እንጂ ሌላ አላሰብኩም።

«በሉ ጻፉ» አልኳቸው።

ጻፉ። ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ። ሁሉም ገቡ። አምስቱንም የተማሪ ምድብ በሁለት ቀን ጨረስኩ። አቶ ሳምሶን ቢሆን ሳምንት ይፈጅበት ነበር ብዬ በልቤ ኮራሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ያ የእስቴ ልጅ ፓስወርዴ ጠፋኝ ብሎ መጣ። አስታውስ ስለው ደብተሩን ገለጠ። ቀኑ፣ ርእሱ፣ ደረጃዎቹ፣ ሁሉም እንደ ሰሌዳው ተገልብጠዋል። «ለምሳሌ» የሚለውም አለ። ከሥሩ ጉና።

«ይህ ምሳሌ ነው። ያንተ የትኛው ነው?»

«ይሄው ነው እትዬ። የጻፉልን።»

የጎረቤቱን ደብተር ጠየቅሁ። ጉና። የሌላውን። ጉና። ስድስት ደብተር አየሁ። ከዚያ በላይ ማየት አላስፈለገኝም። ሰሌዳ ላይ ያለው ሁሉ ይገለበጣል፤ አንድ ቃል የቀየረ ይቀጣል። እኔም እንዲያ ነው የተማርኩት። አምስት ምድብ ተማሪ በአንድ ቁልፍ በሚከፈት ቤት ውስጥ አስገብቼ ነበር፤ ቁልፉንም በየደብተራቸው አስጽፌ።

ያን ቀን ወደ አቶ ሳምሶን ቢሮ ሄድኩ። የተቆለፈበትን መፍታት፣ ሁሉንም ማስለወጥ የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ገና በሩን ስገፋ ቀና ብሎ፣ «ደግሞ ምን ሰበርሽ?» አለኝ። ከእኔ ልጅ ያንሳል። በእኛ አገር አንድ ወጣት በዕድሜ የሚበልጠውን ሰው አንቱ ይላል፤ እሱ ግን የመጣበትን አላውቅም፣ ከመጣ ጀምሮ ሲፈልግ «እርስዎ» ሲናደድ «አንቺ» ይለኛል።

«ምንም» አልኩት።

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«ወረቀት አለቀ ልል ነው።»

ወረቀት ሰጠኝ። ይዤ ተመለስኩ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገው አንድ ወር አለፈው።

አሁን ስለ ጥሩወርቅ። ከእብናት የመጣች ቀጭን ልጅ ናት። ለመምህር ሙሉቀን የምታስረክበውን ጽሑፍ መጀመሪያ በእጇ ደብተር ላይ ጽፋ፣ ከዚያ አራት ከሰዓት በኋላ ሙሉ እኔ ክፍል ተቀምጣ በአንድ ጣት ገለበጠችው። ስለ አፈር መሸርሸር ነበር፤ ስለ አባቷ ማሳ እርከን ጽፋለች። አንድ ጊዜ ጣቷን ይዤ የሌሎቹን ጣቶች ቦታ ላሳያት ሞከርኩ። «ይቅር እትዬ፣ ይህችም ታደርሰኛለች» አለችኝ። ጨርሳ መማሪያው ውስጥ አስቀመጠችው። ልታስረክበው የአንድ ቁልፍ መጫን ሲቀራት፣ ደግሜ ላንብበው ብላ ለቅዳሜ አሳደረችው።

ዮናስ ዓርብ አስረከበ። እሷ ቅዳሜ አስረከበች። ሁለቱ ጽሑፎች ከአንድ ቃል በቀር እስከ ነጥቡ አንድ ሆነው ተገኙ።

ሰኞ ተጠራች። ማክሰኞ በኮሪደሩ ስታልፍ አንዱ «ቅጂዋ መጣች» ሲል ሰማሁ። በዚያው ቀን እኔ ክፍል ገብታ ኮምፒውተር ሳትከፍት ተቀመጠች። በኩባያ ውኃ ሰጠኋት። ጠጣችና፣ «አንድ ዓመት ይቀጡሻል ይላሉ። አንድ ዓመት እብናት ከገባሁ ተመልሼ አልወጣም እትዬ» አለች። ኩባያውን ተቀብዬ አጠብኩት።

ወደ ሐሙስ ልመለስ።

መምህር ሙሉቀን ወረቀቶቹን በጣቱ መታ። «አንድ ሰው ነው የጻፈው። ማን እንደሆነ ንገሩኝና እንለያይ» አለ። የይፋግ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም።

«ቀድሞ ያስረከበው ማን ነው?» አለ ዮናስ። «መማሪያው ሰዓቱን ይዞታል። እኔ ምን ልጨምር?»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች ጥሩወርቅ። «ደብተሬ ላይ አለ።»

«ከእኔ ካነበብሽ በኋላ ደብተር ላይ መገልበጥ ይከብዳል?» አላት ሳይዞር። «የአባቴ ማሳ ይላል እንዴ እኔ የጻፍኩት? የገበሬ ማሳ ነው የሚለው።»

ያን ጊዜ አየሁት። እሷ «አባቴ» ያለችውን ሁሉ «ገበሬ» ብሎ ለውጦታል፤ ሌላ አልነካም። መምህሩም ያየው ይመስለኛል፤ ግን ማስረጃ አይደለም።

«ጽሑፍሽን ለማን አሳየሽ?» አላት።

«ለማንም።»

«ስልክሽን ለሰው ሰጥተሽ ነበር?»

«ስልኬ ኢንተርኔት የለውም።»

«እንግዲህ በምን በኩል ነው ዮናስ እጅ የገባው?»

መምህሩ ወደ መስኮቱ ዞረ። «አቶ ሳምሶን፣ ሌላ ሰው በእሷ ስም ሊገባ ይችላል?»

አቶ ሳምሶን ስልኩን ኪሱ ከተተ። «አይቻልም። ፓስወርዱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። እኔ እንኳን ላየው አልችልም። ዓለም የሚጠቀምበት ነገር ነው፤ የእብናት በረት አይደለም።»

ዮናስ ሳቀ። ጥሩወርቅ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። መምህሩ እስክሪብቶውን አነሳና ፊቱ ያለውን ቅጽ ወደ ራሱ አቀረበ። ለዲሲፕሊን ኮሚቴ የሚሄደው ቅጽ ነበር። ስሟን መጻፍ ጀመረ። የመጀመሪያው ፊደል ሲጻፍ አየሁ።

ኮንትራቴ ሰኔ ላይ ያልቃል፤ ዝም ብል እስከ ሰኔ ማንም አይነካኝም ብዬ አሰብኩ። ይህን አሰብኩ፤ አልደብቅም።

«ይቻላል» አልኩ።

ማንም አልዞረም። መናገሬን ያስተዋለ አልነበረም።

«መምህር፣ ይቻላል። ቅጹን ያቆዩት።»

መምህሩ ቀና አለ። «ምኑ ነው የሚቻለው ወይዘሮ ይርገዱ?»

ብዕሩን አንስቼ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ጉና፣ አንድ ሁለት ሦስት አራት፣ ቃለ አጋኖ። «በልጅቷ ቁጥር ይግቡና ይህን ይምቱ» አልኩ።

አቶ ሳምሶን፣ «ምንድን ነው ይሄ ጨዋታ?» አለ። መምህሩ አልመለሰለትም፤ ቅርቡ ወዳለው ኮምፒውተር ሄዶ ተቀመጠና ቁጥሯን አስገባ፣ ከሰሌዳው እያየ መታ። ተከፈተ። ስሟ ከላይ ወጣ።

«እንዴት አወቁት?»

«እኔ ነኝ ያስጻፍኳቸው። ለምሳሌ ብዬ ጻፍኩ፤ ሁሉም ገለበጡት። የሌላ ሰውም ይሞክሩ።»

ክፍሉ ውስጥም ከተለጠፈው የመታወቂያ ቁጥር ዝርዝር የእስቴውን ልጅ ቁጥር አስገባ። ተከፈተ። ሌላ። ተከፈተ። በእያንዳንዱ አቶ ሳምሶን አንድ እርምጃ ይቀርባል። ሰባተኛው ላይ ከኋላዬ ቆሞ ነበር።

«አንቺ ሴትዮ ምን አድርገሽ ነው?» አለ። «ሲስተሙን በሙሉ ለገበያ አውጥተሽዋል እኮ! ፊደል የቆጠርሽ መስሎኝ!»

«አቶ ሳምሶን» አለ መምህሩ፣ «እናትህ ይሆናሉ።»

«እናቴ ከማታውቀው ነገር እጇን ትሰበስባለች!»

«ማስጀመሩ ያንተ ሥራ ነበር» አልኩት። ሌላ አልጨመርኩም። እውነት ነበር፤ ግን ሰበብ እንዳይመስል ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

ዮናስ ከወንበሩ ተነስቶ ነበር። «ይሄ ምኑን ያሳያል? እንደዚያ ከሆነ ማንም በማንም ይገባል። እሷም በእኔ ገብታ ሊሆን ይችላል።»

መምህሩ አሰበ። «ልክ ነህ» አለና የዮናስን ቁጥር አስገባ። ከሰሌዳው እያየ መታ።

ቀይ ጽሑፍ መጣ። ደግሞ መታ። ቀይ።

ከሞከርናቸው መካከል ያልተከፈተው የእሱ ብቻ ነበር።

መምህሩ ከወንበሩ ሳይነሳ ዞረ። «አንተ ለምን ለወጥከው?»

«ማንም እንዳይገባብኝ ነዋ።»

«ማን ይገባብኛል ብለህ?»

ዮናስ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። የሁሉም አንድ መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን ያወቀ እሱ ብቻ ነበር። ሳቁ ትዝ አለኝ።

መዝገቤን አምጥቼ መምህሩ ፊት ዘረጋሁት። የአራቱ ቀን ፊርማዋ፣ የገባችበት ሰዓት፣ የተቀመጠችበት ኮምፒውተር ቁጥር። መምህሩ በጣቱ ተከተለው። ከዚያ የጀመረውን ቅጽ ለሁለት ቀደደና አዲስ አወጣ። የዮናስን ስም ጻፈበት።

«ጥሩወርቅ፣ ሥራሽ ያንቺ ነው። ሂጂ ክፍልሽ» አላት።

«የእርስዎም ጉዳይ እንዲሁ አይቀርም» አለኝ አቶ ሳምሶን። ንግግሩ እንደገና «እርስዎ» ሆነ፤ የቢሮ እርስዎ። «ኮንትራትዎ ዛሬ ያበቃል። ደብዳቤውን እኔ ራሴ አስጽፈዋለሁ።»

«ጥሩ» አልኩ።

ልጅቷ አልሄደችም። ከበሩ ለቃ ወደ እኔ መጣች። የምታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር፤ እንደዚያ ማሰቤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

«እትዬ፣ መቼ ነው ያወቁት?»

«በሁለተኛው ሳምንት።»

«ማክሰኞ ውኃ ሲሰጡኝ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሌባ ሲሉኝ ያውቁ ነበር።»

«አዎ።»

አየችኝ። ዓይኗ ደረቅ ነበር። «ከእሱ በምን ይሻላሉ ታዲያ?» አለችኝ። ዮናስን በጣቷም አላሳየችም።

መምህር ሙሉቀን «አንቺ ልጅ!» አላት። እኔ ግን አልተቆጣኋትም፤ ይቅርታም አልጠየቅኋት። ሁለቱም በዚያ ሰዓት ለእኔ የሚቀሉ ነገሮች ነበሩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ብዙ ሰው ታሪኩን ስነግረው «ደፋር ነሽ፣ ልጅቷን አዳንሻት» ይለኛል። በቅርቡ አንድ ዘመዴ እንዲያ ብሎ አመሰገነኝ። ልጅቷን እኔ አላዳንኳትም። እኔ የከፈትኩትን በር እኔው አሳየሁ፤ ያውም ከዘገየሁ በኋላ። አቶ ሳምሶን ክፉ ሰው ነበር፤ ክፋቱን ግን ለዝምታዬ ሰበብ አደረግሁት። «ደግሞ ምን ሰበርሽ» ያለኝ ቀን፣ የሰበርኩትን ብነግረው አንድ ከሰዓት በኋላ ሰድቦኝ ያበቃ ነበር። ስድቡን ፈርቼ ልጅቷን አስከፈልኩ።

ዛሬ ቤቴ ሆኜ የሰፈሩን ልጆች በዚያው ነገር እረዳለሁ። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱ፣ ስልክ ይዘው የሚመጡ፣ መማሪያው አልከፈት ያላቸው። ምሳሌ አልጽፍላቸውም። ፓስወርድ ሲፈጥሩ ጀርባዬን አዞራለሁ፤ ቢዘገዩም አልቆጣም። የተሳሳትኩትን በዚያው ቀን እናገራለሁ። አንዳንዱ «አሮጊቷ ትሳሳታለች» ብሎ ቀርቷል። ይቅር።

ጥሩወርቅ አልፎ አልፎ በገበያ ታየኛለች። በአንገቷ ሰላም ትለኛለች፤ አትቆምም። እንድትቆም አልጠብቅም።

የዚያን ቀን ጠዋት የቀረው ጥቂት ነው። አቶ ሳምሶን በስልክ እየጮኸ ወጣ። ዮናስ መምህሩን ተከትሎ ወጣ። ልጅቷ ቀድማቸው ሄዳለች። ቀጣዩ ምድብ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ በሩ እስኪከፈትለት ይጠብቃል፤ ሳቃቸው ይሰማኛል። ሰሌዳውን ላጠፋ ጨርቁን አነሳሁና ተውኩት። ከጉና ሥር እንዲህ ጻፍኩ፦ «ይህ ምሳሌ ነበር። ጥፋቱ የይርገዱ ነው። ሁላችሁም ዛሬውኑ የየራሳችሁን ለውጡ፤ ለማንም አታሳዩ።»

መዝገቡን ዘጋሁት። ቁልፉን ከላዩ አኖርኩና ወጣሁ።